ወደ ፎርሙላ ዋን የሚያደርሰው መሰላል፦ ፈጣን አሽከርካሪ እንዴት ይፈጠራል?

ከአወዳይ ተነስቶ በሐረርና በባቢሌ በኩል ወደ ጅጅጋ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ፍጥነትን ያውቃል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ የካራማራን ጠመዝማዛ ሲወጡና ሲወርዱ፣ እረኛው ግመሎቹን ከአስፋልቱ ዳር ያርቃል፤ ተሳፋሪ የጫነው ሚኒባስም ጥጉን ይይዛል። የሾፌሩ ፍጥነት በሻይ ቤት ይወራለታል፣ ይደነቅለታልም። ይሁን እንጂ ያ ችሎታ የት እንደተፈተነና ማን እንደመዘነው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ፍጥነትን ሙያቸው ያደረጉ የዓለም ተወዳዳሪዎች የሚያልፉበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ወጣት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲያሽከረክር ከመፈቀዱ በፊት ለዓመታት ደረጃ በደረጃ ይፈተናል። ከዋናው የፎርሙላ ዋን ውድድር በፊት ያለው የዚህ ፈተና የመጨረሻ ደረጃ ፎርሙላ ቱ ይባላል። ውድድሩ ምንድን ነው? እንዴት ይካሄዳል? ማንን ያሳልፋል፣ ማንንስ ያስቀራል? እንደ ጅጅጋ ላለ አካባቢስ ምን ትምህርት ይኖረዋል?

ፎርሙላ ቱ ምንድን ነው?

የታዳጊዎች ውድድር ለዋናው መድረክ የሚያዘጋጅ መሆኑን ኢትዮጵያውያን ከአትሌቲክስ ያውቁታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1992 ሴኡል ላይ በተካሄደው የዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አግኝቶ፣ በዓመቱ ሽቱትጋርት ላይ በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር አሸናፊ ሆኗል። ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈች ከሁለት ዓመት በኋላ በባርሴሎና ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ወርቅ አጥልቃለች። ፎርሙላ ቱም በመኪና ስፖርት ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ አለው።

ውድድሩ በተለያዩ ስሞች ሲጠራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2004 ፎርሙላ 3000 ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂፒ ቱ የተሰኘው ውድድር ተተካ፤ ይኸው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 ፎርሙላ ቱ የሚለውን የቆየ ስም መልሶ ያዘ። የመጀመሪያው የጂፒ ቱ አሸናፊ ጀርመናዊው ኒኮ ሮዝበርግ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ያሸነፈው እንግሊዛዊው ሌዊስ ሃሚልተን ነበር። ሁለቱም ኋላ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ያሸነፈው ሻርል ሌክሌር፣ በ2018 ያሸነፈው ጆርጅ ራስልና በ2021 ያሸነፈው ኦስካር ፒያስትሪም ዛሬ በታወቁ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ውስጥ የሚወዳደሩ ናቸው።

ውድድሩ የሚካሄደው ፎርሙላ ዋን በሚካሄድባቸው ትራኮች፣ በዚያው የሳምንት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ ነገ የሚነዱበትን ትራክ ዛሬ ይለምዳሉ፤ ነገ የሚቀጥሯቸው የቡድን ኃላፊዎችም በዚያው ሆነው ይመለከቷቸዋል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት መኪና

በፎርሙላ ዋን እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መኪና ይሠራል። በዚህ ምክንያት አንድ አሽከርካሪ ሲያሸንፍ ያሸነፈው ሰውየው ይሁን መኪናው መለየት ያስቸግራል። በፎርሙላ ቱ ግን ይህ ጥያቄ እንዲጠብብ ተደርጓል። የመኪናው አካል የሚሠራው ዳላራ በተባለው የጣሊያን ፋብሪካ ነው። ሞተሩ 3.4 ሊትር የሆነ ባለ ቱርቦ ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን ሜካክሮም የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያቀርበዋል፤ ኃይሉም ወደ 620 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ጎማው ከፒሬሊ ይመጣል። የመጀመሪያውም ሆነ የመጨረሻው ቡድን የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

መሣሪያው አንድ ሲሆን ልዩነቱ ከሰው ይመጣል። አንዱ ጎማውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ሌላው ያቆየዋል። አንዱ ፍሬን ቀድሞ ይይዛል፣ ሌላው ጥቂት ሜትር ዘግይቶ ይይዝና በመታጠፊያው ላይ ይቀድማል። በአንድ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ዘርና አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ሰጥቶ የገበሬዎችን አያያዝ እንደ ማወዳደር ነው። እርግጥ ነው፣ የተሻለ ልምድ ያላቸው መሐንዲሶችን የያዘ ቡድን ያንኑ መኪና በተሻለ ሁኔታ ያስተካክላል፤ ስለዚህ እኩልነቱ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም የወጣቱን ችሎታ ለመመዘን ከፎርሙላ ዋን ይልቅ ይህ ውድድር ይቀላል።

መኪናው ለአካልም ፈተና ነው። የፎርሙላ ዋን መኪና መሪውን የሚያቀል ፓወር ስቲሪንግ አለው፤ የፎርሙላ ቱ መኪና ግን የለውም። ወጣቱ በፍጥነት በሚታጠፍበት ጊዜ መሪውን የሚይዘው በገዛ ክንዱ ጉልበት ነው። ጎማዎቹም እንደ ፎርሙላ ዋን ከውድድር በፊት በልዩ ብርድ ልብስ አይሞቁም። አሽከርካሪው በቀዝቃዛ ጎማ ወጥቶ፣ ሳይንሸራተት፣ ቀስ በቀስ ራሱ ማሞቅ ይጠበቅበታል።

የሦስት ቀናት ፈተና

የፎርሙላ ቱ የሳምንት መጨረሻ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ተጀምሮ እሑድ ያበቃል። በመጀመሪያ 45 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ልምምድ አለ። አሽከርካሪው በዚህ አጭር ጊዜ ትራኩን ማወቅና የመኪናውን ጠባይ ለመሐንዲሶቹ ማስረዳት አለበት። ቀጥሎ የ30 ደቂቃ የመነሻ ቦታ መለያ ይካሄዳል። በዚህ ፈጣኑን ሰዓት ያስመዘገበው በእሑዱ ዋና ውድድር ከፊት ይነሣል።

ቅዳሜ የሚካሄደው አጭሩ ውድድር ግን እንግዳ የሚመስል ሕግ አለው። በመለያው ከ1ኛ እስከ 10ኛ የወጡት ቦታቸው ይገለበጣል፤ 10ኛው ከፊት፣ 1ኛው ደግሞ በ10ኛ ቦታ ይነሣል። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። ሁልጊዜ ከፊት የሚነሣ አሽከርካሪ ሌሎችን መቅደም አይማርም፤ ከኋላ የሚነሣውም ሲያሳድዱት ቦታውን መጠበቅ አይማርም። ሕጉ ሁለቱንም ያስተምራል።

እሑድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ዋናው ውድድር ይካሄዳል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆሞ ጎማ መቀየር ግዴታው ነው። መቼ ይቁም? ጎማው ሳያልቅ ቶሎ ቢቆም በመጨረሻ ይቸገራል፤ ቢዘገይም ቀድመው በቀየሩት ይበለጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ ነው። አሸናፊው 25 ነጥብ ያገኛል፤ በቅዳሜው አጭር ውድድር የሚያሸንፈው ግን 10 ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሁሉም ውድድሮች ነጥብ ተደምሮ ሻምፒዮኑ ይለያል። አንድ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ወጣት ደግሞ ወደ ውድድሩ እንዳይመለስ ሕጉ ይከለክላል። ፈተናውን ያለፈ ተማሪ በዚያው ክፍል አይቆይምና ቦታውን ለሌላው ይለቃል።

የመሰላሉ ደረጃዎች

ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንበር ሲሸከም ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ ወጣት ግመልም በአንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት አይጫንበትም። የመኪና ስፖርትም በዚሁ መንገድ የተደራጀ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ካርት ይባላል። ካርት ጣሪያ፣ በርና አሞርቲዛተር የሌላት፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለች ትንሽ ተሽከርካሪ ናት። ልጆች ከ8 ዓመታቸው ገደማ ጀምሮ ይወዳደሩባታል። ቀጥሎ ከ15 ዓመት ጀምሮ የሚፈቀደው ፎርሙላ ፎር ይመጣል። ይህ እውነተኛ የውድድር መኪና ቢሆንም ኃይሉ ከ200 የፈረስ ጉልበት በታች ነው። ከዚያ ፎርሙላ ስሪ ይከተላል፤ ኃይሉ ወደ 380 ይደርሳል፣ እስከ 30 የሚደርሱ መኪኖችም በአንድ ጊዜ ይወዳደሩበታል። ከፎርሙላ ስሪ በላይ ፎርሙላ ቱ አለ። የፎርሙላ ዋን መኪና ኃይል ደግሞ ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል።

እያንዳንዱ ደረጃ የሚጨምረው ኃይልን ብቻ አይደለም። ፍጥነቱ ሲያድግ ለውሳኔ ያለው ጊዜ ያጥራል፤ መኪናው ሲከብድ ፍሬን የሚይዝበት ርቀት ይረዝማል፤ ተፎካካሪው ሲጠነክር የስህተት ዋጋ ይወደዳል። ከታችኛው ደረጃ ያልተማረው ነገር በላይኛው ላይ አደጋ ሆኖ ይመጣል።

መሰላሉ አዳዲስ ቴክኖሎጂም የሚሞከርበት ነው። ፎርሙላ ቱና ፎርሙላ ስሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ከድንጋይ ዘይት ብቻ ያልተመረተ፣ 55 በመቶው ከታዳሽ ምንጭ የተገኘ ነዳጅ መጠቀም የጀመሩት ከፎርሙላ ዋን ቀድመው ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2008 በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚገኘው የስኳር ተረፈ ምርት የተመረተ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ እንደነበር ይታወሳል። ከእርሻ የሚወጣ ምርት ሞተር የሚያንቀሳቅስበት ሐሳብ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ያለ ፈቃድ ማንም አይነዳም

ወደ ፎርሙላ ዋን ለመግባት ፈጣን መሆን ብቻውን አይበቃም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የሚሰጠው ልዩ የመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ፈቃድ ለማግኘት አመልካቹ በሦስት ዓመታት ውስጥ ከታዳጊ ውድድሮች 40 ነጥብ ማጠራቀም አለበት። በፎርሙላ ቱ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጣ 40 ነጥቡን በአንድ ዓመት ያገኛል፤ የፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮን ግን የሚያገኘው 30 ብቻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የዕድሜ ገደብ አለ፣ የሕግ ዕውቀት ፈተና ይሰጣል፣ በፎርሙላ ዋን መኪናም ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር መንዳትን ማሳየት ይጠይቃል። በተራ መንገድ ላይ የሚያስነዳ መደበኛ መንጃ ፈቃድም ግዴታ ነው።

ይህ ጥብቅ ሕግ የመጣው በአንድ ወጣት ምክንያት ነው። ኔዘርላንዳዊው ማክስ ቨርስታፐን በፎርሙላ ስሪ አንድ ዓመት ብቻ ተወዳድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በ17 ዓመቱ ፎርሙላ ዋንን ተቀላቀለ። በዚያን ጊዜ በዓለም ፈጣኑን የውድድር መኪና የሚነዳው ይህ ልጅ በተራ መንገድ ላይ ለመንዳት የሚያስችል መንጃ ፈቃድ አልነበረውም፤ ያገኘው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ቨርስታፐን ኋላ በተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ችሎታውን አስመስክሯል። ፌዴሬሽኑ ግን አንድ ልዩ ተሰጥዖ ያለው ልጅ ተሳክቶለት ሲታይ ሌላው ሳይዘጋጅ ይከተላል ብሎ ሰጋ። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የነጥብና የዕድሜ መስፈርቱን አጠበቀ።

ፈቃዱን ያገኘም ቢሆን ዋስትና የለውም። አደገኛ አነዳድ ያሳየ አሽከርካሪ የጥፋት ነጥብ ይመዘገብበታል፤ በ12 ወራት ውስጥ 12 ነጥብ ከደረሰ ለአንድ ውድድር ይታገዳል። ኬቨን ማግኑሰን የተባለው ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚህ ሕግ ታግዶ አንድ ውድድር አምልጦታል።

የመሰላሉ ደካማ ጎን ገንዘብ ነው

መሰላሉ ችሎታን ለመመዘን በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆንም የመጀመሪያውን ርከን ለመርገጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። ካርት፣ ጎማ፣ መካኒክ፣ ጉዞና የውድድር ክፍያ ሁሉ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ወጪው እየከበደ ይሄዳል። አንድ የፎርሙላ ቱ የውድድር ዘመን ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደሚጠይቅ በስፖርቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ይናገራሉ። ይህን የሚከፍለው ደግሞ በአብዛኛው ወጣቱ ራሱ ወይም ስፖንሰሩ ነው።

የሃሚልተን አባት የልጁን የካርት ውድድር ለመሸፈን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሥራ ይሠሩ ነበር። ሃሚልተን በ13 ዓመቱ የማክላረን ቡድን ድጋፍ ባያገኝ ኖሮ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ከመሰላሉ መካከል በቀረ ነበር። የፈረንሳዊው ኤስቴባን ኦኮን ወላጆች ደግሞ ቤታቸውን ሸጠው በተሽከርካሪ ላይ በተሠራ ማደሪያ እየኖሩ ልጃቸውን ከውድድር ወደ ውድድር አድርሰዋል። ዛሬ ሬድ ቡል፣ ፌራሪ፣ መርሴዲስና ሌሎችም የታዳጊዎች ማሠልጠኛ አቋቁመው ተስፋ የሚጣልባቸውን ልጆች ወጪ ይሸፍናሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ማሠልጠኛዎች ልጁን የሚያዩት በካርት ውድድር ላይ ከታየ በኋላ ነው።

ከላይም በሩ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 በፎርሙላ ዋን ያለው የአሽከርካሪ ቦታ 22 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የፎርሙላ ቱ ሻምፒዮን የሆነው ብራዚላዊው ፌሊፔ ድሩጎቪች እና በ2023 ያሸነፈው ፈረንሳዊው ቴዎ ፑርሼር በቀጣዩ ዓመት በፎርሙላ ዋን ቋሚ ቦታ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2024 ያሸነፈው ሌላው ብራዚላዊ ጋብሪኤል ቦርቶሌቶ ግን ወዲያው አግኝቷል። ውጤቱ ተመሳሳይ ሆኖ ዕድሉ የተለያየው በዚያ ዓመት ክፍት ቦታ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

ከአትሌቲክስ ጋር ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። ከበቆጂ የወጡት ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሩጫ የጀመሩት በገጠር መንገድና በትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ለሯጭ መንገዱ፣ ከፍታውና አሠልጣኙ ይበቃሉ። የመኪና ተወዳዳሪ ግን ልምምዱን ለመጀመር እንኳ ትራክና ተሽከርካሪ ይፈልጋል።

በውድድሩ ውስጥ ያለው አደጋ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበትም ሞት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2019 በቤልጂየም ስፓ ትራክ ላይ በተካሄደ የፎርሙላ ቱ ውድድር የ22 ዓመቱ ፈረንሳዊ አንቷን ኡቤር በከፍተኛ ፍጥነት በደረሰ ግጭት ሕይወቱ አለፈ። አብሮት የተጋጨው ሁዋን ማኑኤል ኮሬያ እግሮቹ ክፉኛ ተጎድተው ብዙ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ውድድር ተመልሷል። በማግስቱ በዚያው ትራክ የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ድሉን ያገኘው የኡቤር የልጅነት ጓደኛ ሌክሌር፣ ድሉን ለሟቹ መታሰቢያ አድርጎታል።

ሌሎች ወጣቶች ግን በመሣሪያ ተርፈዋል። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በፎርሙላ ዋንና በፎርሙላ ቱ መኪኖች ላይ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ሄሎ የተባለ ቅስት የታይታኒየም ብረት እንዲገጠም ግዴታ ሆኗል። በመጀመሪያው ብዙዎች መልኩ ያስጠላል ብለው ተቃውመውት ነበር። በዚያው ዓመት በባርሴሎና የሌላ ተወዳዳሪ መኪና በጃፓናዊው ታዳሱኬ ማኪኖ መኪና ላይ ሲወጣ፣ ራሱን የጠበቀለት ይህ ብረት ነበር።

እንግዲህ ትራኩ ለውድድር ብቻ የተሠራ፣ እግረኛና ከብት የማይገባበት፣ ሐኪም፣ አምቡላንስና እሳት አጥፊ በቅርብ የቆሙበት ነው። አሽከርካሪዎቹ ለዓመታት የሠለጠኑ ናቸው። እዚያ ሞት ካለ፣ ግመልና ሕፃን በሚያቋርጡት መንገድ ላይ በፍጥነት መወዳደር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አያዳግትም።

ለምሥራቅ አፍሪካ የቀረበው መንገድ

አፍሪካ በዚህ ስፖርት ውስጥ ፈጽሞ አልጠፋችም። ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር እ.ኤ.አ. በ1979 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከአፍሪካ ይህን ያገኘ ሌላ የለም። በአህጉሪቱ የመጨረሻው የፎርሙላ ዋን ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ትራክ ነው። ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ውድድሩን ለማስተናገድ ፍላጎት እንዳላት በይፋ አስታውቃለች። እስካሁን ግን በፎርሙላ ቱም ሆነ በፎርሙላ ዋን የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ የለም።

ለምሥራቅ አፍሪካ ይበልጥ የሚቀርበው ሬሊ የተባለው ዘርፍ ነው። ሬሊ ልዩ ትራክ አያስፈልገውም፤ ለሕዝብ በተዘጋ የጠጠርና የአፈር መንገድ ላይ አንድ አንድ መኪና እየተነሣ በሰዓት ይፎካከራል። የኬንያው ሳፋሪ ሬሊ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመልሷል። ሬሊም የራሱ የታዳጊዎች መሰላል አለው። የወጣቶች የዓለም ሬሊ ሻምፒዮና ተወዳዳሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የፎርድ ፊስታ መኪና ይነዳሉ። ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ በእ.ኤ.አ. 2001፣ ተተኪው ሴባስቲያን ኦዢዬም በ2008 ከዚሁ የወጣቶች ውድድር በአሸናፊነት ወጥተዋል። ኬንያዊው ማክሬ ኪማቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ውድድር ተሳትፎ በበረዶ የተሸፈነውን የስዊድን ሬሊ ጨርሷል። በአፍሪካ አፈርና አቧራ የሠለጠነ ወጣት ወደ ዓለም መድረክ ሊወጣ እንደሚችል ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ለጅጅጋና ለአካባቢው ምን ይነግራል?

በጅጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ ያለ ወጣት ነገ ተነሥቶ ወደ ፎርሙላ ቱ የሚገባበት መንገድ የለም። ይህን መደበቅ አይገባም። የመሰላሉ አሠራር ግን ለዕለት ኑሮ የሚሆን ትምህርት አለው።

አንደኛው በአገራችንም መሰላል መኖሩ ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በምድብ ይከፍለዋል፤ ሞተር ሳይክልና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ አውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የደረቅና የፈሳሽ ጭነት እያለ ይለያያል። የምድቡ ዓላማ ከፎርሙላ ቱ ሕግ ጋር አንድ ነው፤ ባጃጅ የቻለ ሁሉ የጭነት መኪና ይችላል ማለት አይደለም። ፈተናውን በምልጃ ወይም በገንዘብ የሚዘል ወጣት የሚጎዳው ራሱንና ያላዘጋጀውን መንገደኛ ነው።

ሁለተኛው የቆየው የረዳትነት ባህላችን ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ብዙ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሙያውን የተማሩት ለዓመታት ረዳት ሆነው ነው። ረዳቱ ጎማ ይፈታል፣ ዘይትና ውኃ ያያል፣ በቁልቁለት ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚያዝ ከሾፌሩ ይመለከታል። ይህ በተፈጥሮው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ትምህርት ቤት ነው። የሚጎድለው መመዘኛ ነው፤ ምን እንደተማረ የሚመዘግብና የሚፈትን አካል ሲኖር ልምዱ ወደ ብቃት ይለወጣል።

ሦስተኛው ከመሪው ጀርባ ያለው ሥራ ብዙ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ የውድድር መኪና ዙሪያ መካኒኮች፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችና መረጃ የሚተነትኑ መሐንዲሶች ይሠራሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጥገና አዲስ ሙያ ሆኗል። በክልሉ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚማር ወጣት ይህን ሙያ ቢይዝ ለውድድር ባይደርስ እንኳ ለእንጀራ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ካርትም በጥቂት ቦታ፣ ያለ ነዳጅ ሊሠራ ስለሚችል ለከተማ አስተዳደሮችና ለባለሀብቶች ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ወጣቱ ፍጥነትን የሚሞክርበት የታጠረ ቦታ ሲያገኝ አስፋልቱን ለመንገደኛ ይተዋል።

ለወላጆችና ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች የሚቀረው ደግሞ ቀላል ነው። ፈቃድ ለሌለው ልጅ የባጃጅ ቁልፍ አለመስጠት፣ ሾፌሩ በስንት ሰዓት ገበያ እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሰ መጠየቅ፣ ጭነቱ እንዲቸኩል በሚደረግ ክፍያም ሰውን ወደ አደጋ አለመግፋት ይቻላል። በፎርሙላ ቱ አንድ ወጣት የሚወደሰው ፈጥኖ ስለገባ ብቻ አይደለም፤ መኪናውን፣ ጎማውንና ተፎካካሪውን ጠብቆ ስለጨረሰ ጭምር ነው። በካራማራ ቁልቁለት ላይ ግመሉን የሚያርቀው እረኛም ከሾፌሩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።